የፎቶግራፍ ማተሚያ ለቤት፦ ከመግዛት በፊት የሚሠራ ሒሳብ



በዚህ ዓምድ ስለ ግብር፣ ስለ ንግድ ፈቃድና ስለ ኢሚግሬሽን ማመልከቻዎች ስንወያይ ቆይተናል። የዛሬው ርዕሳችን ከነዚህ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም ሦስቱንም የሚነካ ነው። ይኸውም ለቤት አገልግሎት ተብለው ስለሚሸጡት ትንንሽ የፎቶግራፍ ማተሚያዎች፣ በተለምዶ ፎቶ ፕሪንተር ስለምንላቸው መሣሪያዎች ነው።

ወገኖቻችን እነዚህን መሣሪያዎች የሚገዙባቸው ምክንያቶች በአብዛኛው ሦስት ናቸው። አንደኛው የልጆችንና የቤተሰብን ፎቶግራፍ ለማተም፣ በተለይም አገር ቤት ላሉ ወላጆች በሰው እጅ ለመላክ ነው። ሁለተኛው ለፓስፖርትና ለቪዛ የሚያስፈልገውን ጉርድ ፎቶ እዚያው ቤት ለማዘጋጀት ነው። ሦስተኛው ደግሞ በሱቅ ውስጥ ጉርድ ፎቶ እያነሡ ጥቂት ገቢ ለመጨመር ነው። ሦስቱም መልካም ሐሳቦች ናቸው። ይሁን እንጂ ለሦስቱም የሚስማማው መሣሪያ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ለአንዳንዱ ዓላማም ከነጭራሹ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም።

የዛሬው ትምህርት በአጭሩ ይህ ነው፦ የፎቶ ማተሚያ ዋጋ ማለት በካርቶኑ ላይ የተለጠፈው ዋጋ ብቻ ሳይሆን፣ አንዷ ፎቶግራፍ ታትማ እስክትወጣ ድረስ የምታስወጣው ገንዘብ ነው። ባለ ታክሲ መኪና ሲገዛ በአንድ ጋሎን ስንት ማይል ትሄዳለች ብሎ ይጠይቃል። ባለ ሱቅም የዕቃውን መግዣ ሳያውቅ መሸጫውን አይቆርጥም። ለፎቶ ማተሚያም ጥያቄው ያው ነው።

ማሽኑ ለምን ረከሰ?

ፋብሪካዎቹ ዋናውን ትርፍ የሚያገኙት ከማሽኑ ሳይሆን ከወረቀቱና ከቀለሙ ነው። በቅሎዋን በርካሽ ሸጦ፣ ገብሱን ግን ዕድሜ ልክህን ከእኔ ትገዛለህ እንደሚል ነጋዴ ማለት ነው። ስለዚህ ማሽኑን በቅናሽ አገኘሁ ብሎ መደሰት ሳሩን አይቶ ገደሉን አለማየት ይሆናል። ገንዘብዎን ከመክፈልዎ በፊት ወረቀቱና ቀለሙ ወደሚሸጥበት መደርደሪያ ሄደው ዋጋውን ይመልከቱ። የእሽጉን ዋጋ በውስጡ ላሉት ወረቀቶች ብዛት ያካፍሉ። የማሽኑ እውነተኛ ዋጋ የሚጀምረው ከዚህ ቁጥር ነው።

በገበያ ላይ ያሉት አራት ዓይነቶች

1ኛ/ በሪባን የሚያትሙ። በእንግሊዝኛው ዳይ ሰብሊሜሽን ይባላሉ። እንደ ምሳሌ በ2022 የወጣውን የካነን ሴልፊ ሲፒ1500 መጥቀስ ይቻላል። በውስጡ ቀጭን ባለ ቀለም ሪባን አለ፤ ሙቀት ቀለሙን ከሪባኑ ወደ ወረቀቱ ያስተላልፋል። ወረቀቱ አራት ጊዜ ወጥቶ ይገባል፦ ለቢጫ፣ ለቀይ፣ ለሰማያዊ፣ በመጨረሻም ላዩን ለሚሸፍነው መከላከያ። ሥራው ከአንድ ደቂቃ በታች ያልቃል። ከማሽኑ የሚወጣው ፎቶ ደረቅ ስለሆነ ወዲያው በእጅ ሊያዝ ይችላል። ትልቁ ጥቅሙ ለስድስት ወር ሳይነካ ቢቀመጥ ቀለሙ የማይደርቅ መሆኑ ነው። ሪባኑና ወረቀቱ በቁጥር የተመጠኑ ስለሆኑ አንዷ ፎቶ ስንት እንደምታስወጣ አስቀድሞ ይታወቃል። ጉዳቱ ደግሞ በወረቀቱ ላይ አንዲት ትንሽ ምስል ብትታተምም የሪባኑ ሙሉ ክፍል መቃጠሉ ነው። በተጨማሪም ወረቀቱ ወደኋላና ወደፊት ስለሚመላለስ ከማሽኑ ፊትና ጀርባ ባዶ ቦታ ይፈልጋል።

2ኛ/ በፈሳሽ ቀለም የሚያትሙ፣ ማለት ኢንክጄት። ጥሩ ወረቀት ከተጠቀሙ ጥራታቸው ከፍተኛ ነው፤ ብዙዎቹም ከፎቶ ሌላ ደብዳቤና ቅጽ ያትማሉ። ችግራቸው ሥራ ሲፈቱ ነው። ቀለሙ በቀጫጭኖቹ ቀዳዳዎች ላይ ይደርቃል፤ ማሽኑም ቀዳዳውን ለማጽዳት ራሱ ቀለም ይጨርሳል። በወር አንድ ጊዜ ብቻ የሚያትም ሰው ከከፈለበት ቀለም ብዙው ወረቀት ላይ ሳያርፍ ያልቃል። በየሳምንቱ ለሚያትም ቤት ግን ይስማማል።

3ኛ/ ቀለሙ በወረቀቱ ውስጥ ያለ፣ ማለት ዚንክ። ኤችፒ ስፕሮኬትን የመሳሰሉት በዚህ ይሠራሉ። ዚንክ ሲባል ብረቱ ሳይሆን፣ ያለ ቀለም ማተም ለማለት የወጣ የንግድ ስም ነው። ቀለሙ በወረቀቱ ውስጥ ተቀብሮ ሙቀት ሲነካው ይገለጣል። መሣሪያው ኪስ ውስጥ ይገባል፤ ልጆች ይወዱታል። የተለመደው ወረቀት ግን 2 በ3 ኢንች ብቻ ነው፤ የቆዳ ቀለምንም እንደ ሪባኑ አያሳምርም።

4ኛ/ በፊልም የሚያትሙ። የፉጂፊልም ኢንስታክስ ሚኒ ሊንክ የዚህ ዓይነት ነው። ስልክዎ ላይ ያለውን ምስል እንደ ድሮው ፖላሮይድ በፊልም ላይ ያወጣል። ለልደትና ለሠርግ ደስ ይላል። የምስሉ ስፋት 62 በ46 ሚሊሜትር ስለሆነ ግን 51 ሚሊሜትር ለሚጠይቀው የአሜሪካ ፓስፖርት ከቶ አይደርስም።

ሻጩ ስለ ነጥብ ብዛት ሲነግርዎ አይደናገጡ። በሪባን የሚያትመው በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ብቻ ነው ተብሎ፣ ኢንክጄቱ ደግሞ በሺህ የሚቆጠር ነው ይባላል። ሆኖም የሪባኑ እያንዳንዱ ነጥብ ከደማቅ እስከ ፈዛዛ ብዙ ደረጃ ያለው ቀለም ይይዛል፤ ኢንክጄቱ ይህንኑ ደረጃ የሚያገኘው ብዙ ጥቃቅን ነጥቦችን በማጠጋጋት ነው። ስለዚህ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር አይቻልም። የታተመውን ናሙና በዓይንዎ ይዩ።

ሒሳቡን እንሥራ

ከዚህ በታች ያሉት ዋጋዎች ለስሌት ያህል የተቀመጡ ናቸው፤ እርስዎ በከተማዎ ያለውን ዋጋ አስገብተው ይሥሩት።

ማሽኑ 150 ዶላር፣ 108 ወረቀት ከነሪባኑ ደግሞ 40 ዶላር ነው እንበል። 40ን ለ108 ስናካፍል አንዷ ፎቶ ለወረቀትና ለቀለም ብቻ 37 ሳንቲም ታስወጣለች። ቤተሰቡ በወር 10 ፎቶ ቢያትም በሦስት ዓመት 360 ይሆናል። 150 ዶላሩን ለ360 ስናካፍል በእያንዳንዷ ላይ 42 ሳንቲም ይጨመራል። ድምሩ 79 ሳንቲም ነው።

አሁን በአካባቢዎ ያለ ፋርማሲ 4 በ6 ኢንች የሆነ ፎቶ በ35 ሳንቲም ያትማል እንበል። 360 ፎቶ እዚያ 126 ዶላር ያስወጣል፤ ቤት ውስጥ ግን 283 ዶላር ገደማ። ልዩነቱ 157 ዶላር ነው። ከዚህም በላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። የወረቀቱ ዋጋ ብቻውን 37 ሳንቲም ስለሆነ፣ ሺህ ፎቶ ቢያትሙ እንኳ የማሽኑ ዋጋ አይመለስም። ብዙ ባተምን ቁጥር ይረክሳል የሚለው ሐሳብ የሚሠራው የወረቀቱ ዋጋ ከውጪው ዋጋ ሲያንስ ብቻ ነው። በዚህ ምሳሌ ብዙ ያተመ ብዙ ይከስራል።

ትንንሽ ወረቀት የሚጠቀሙትን ከትልቁ ጋር ስናወዳድር ደግሞ በስፋት እንለካ። 2 በ3 ኢንች የሆነ ወረቀት 50 ሳንቲም ቢሆን ስፋቱ 6 ስኩዌር ኢንች ስለሆነ አንዱ ስኩዌር ኢንች ከ8 ሳንቲም በላይ ይወጣዋል። 4 በ6 የሆነው ግን 24 ስኩዌር ኢንች ስለሆነ በ37 ሳንቲም ሒሳብ አንዱ 1 ሳንቲም ተኩል ያህል ነው። እንጀራ ስንገዛ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ስፋቱንም እንደምናይ፣ ፎቶንም እንዲሁ ማየት ይገባል።

ጉርድ ፎቶ፦ ገንዘብ የሚተርፍበትም ማመልከቻ የሚመለስበትም ቦታ

ሒሳቡ የሚገለበጠው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ጉርድ ፎቶ በመደብር 16 ዶላር ቢያስከፍል፣ ቤት ውስጥ ግን አንድ ወረቀት ስለሚበቃ ወጪው 37 ሳንቲም ነው። የሚተርፈው ከ15 ዶላር በላይ ስለሆነ፣ አሥር ጊዜ ሲያትሙ ማሽኑ ዋጋውን መለሰ ማለት ነው። ይሁንና የአዋቂ ሰው የአሜሪካ ፓስፖርት ለ10 ዓመት፣ ዕድሜው ከ16 በታች የሆነ ልጅ ደግሞ ለ5 ዓመት እንደሚያገለግል አይርሱ። አምስት ሰው ያለበት ቤት አሥር ጊዜ እስኪሞላው ዓመታት ይፈጅበታል። ሁለት ሦስት ቤተሰብ ወይም የዕድር አባላት ተጋርተው ቢገዙት ግን ሒሳቡ ቶሎ ይሞላል።

ፎቶው ከደንቡ ውጪ ከሆነ ግን የተረፈው 15 ዶላር ትርጉም የለውም። ማመልከቻው ይዘገያል፤ የአውሮፕላን ቲኬት የቆረጠ ሰው ደግሞ ጉዞው ሊበላሽበት ይችላል። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለፓስፖርት የሚጠይቀው ይህ ነው፦

ሀ/ ፎቶው 2 በ2 ኢንች፣ ማለት 51 በ51 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ከአገጭ እስከ ራስ አናት ያለው ከ1 ኢንች እስከ 1 ከ3/8 ኢንች ይሁን።

ለ/ ጀርባው ነጭ ወይም ወደ ነጭ የሚያደላ፣ ጥላም የሌለበት ይሁን። ፎቶው ባለፉት 6 ወራት ውስጥ የተነሣ መሆን አለበት።

ሐ/ መነጽር እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 1 ቀን 2016 ጀምሮ አይፈቀድም።

መ/ በሃይማኖት ምክንያት ራሳቸውን ዘወትር የሚሸፍኑ ሰዎች ይህንኑ የሚገልጽ የተፈረመ ጽሑፍ ያያይዛሉ፤ ፊት ግን ሙሉ በሙሉ መታየት አለበት።

ሠ/ በስልክ ማስዋቢያም ሆነ በኮምፒዩተር ፊትን ማስተካከል ክልክል ነው። ፎቶው በፎቶ ወረቀት ላይ መታተም ይኖርበታል።

አሁን ደግሞ ማስመሪያ ያንሡ። 4 በ6 ኢንች በሆነ ሙሉ ወረቀት ላይ 2 በ2 የሆኑ ስድስት ፎቶዎች ልክ ይገጥማሉ። የሴልፊው ወረቀት ግን 4 በ6 እየተባለ ቢጠራም ትክክለኛ ልኩ 100 በ148 ሚሊሜትር ነው። ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን 102 ሚሊሜትር ስለሚፈልግ በ100 ውስጥ አይገባም። በርዝመቱ በኩልም ሦስት አይደርስም። ስለዚህ በአንድ ወረቀት የሚወጣው ሁለት ብቻ ነው። ስድስት ይወጣል ብሎ ያሰላ ሰው ወጪውን በሦስት እጥፍ አሳንሶ ገምቷል። ስድስቱን ለማስገባት ሲል ምስሉን ያሳነሰ ደግሞ ልኩ የጎደለ ፎቶ ይዞ ይሄዳል።

ማሽን ሳይገዙም ጉርድ ፎቶ በርካሽ ማግኘት ይቻላል። በስልክዎ ወይም በኮምፒዩተርዎ 4 በ6 ኢንች በሆነ ገጽ ላይ ሁለት ጉርድ ፎቶዎችን ዙሪያቸውን ነጭ ቦታ ትተው ያስቀምጡና ፋርማሲው እንደ ተራ ፎቶግራፍ እንዲያትምልዎ ያድርጉ። የሚከፍሉት የአንድ ፎቶ ዋጋ ነው። የመደብሩ ማሽን አንዳንዴ ምስሉን ስለሚያሰፋ ወይም ጠርዙን ስለሚቆርጥ፣ ከመቁረጥዎ በፊት በማስመሪያ ይለኩት። ጉርድ ፎቶ ብቻ ለሚፈልግ ቤተሰብ ይህ ይበቃዋል። ከዚህ በኋላ 150 ዶላር ማውጣት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

በወረቀት የሚቀርብ ፎቶ እያነሰ መምጣቱንም ማሰብ ይገባል። የዲቪ ማመልከቻ ከ2003 ዓመተ ምሕረት እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢንተርኔት እንዲሆን ተደርጓል። የአሜሪካ ፓስፖርት እድሳትም መሥፈርቱን ለሚያሟሉ ሰዎች ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ በኢንተርኔት ተከፍቷል፤ እዚያ የሚላከው የታተመ ሳይሆን የስልክ ወይም የካሜራ ፎቶ ነው። በጀርመን ደግሞ ከሜይ 2025 ጀምሮ ለፓስፖርትና ለመታወቂያ በወረቀት የሚቀርብ ፎቶ ቀርቶ በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚላክ ሆኗል። የኢሚግሬሽን ቅጾችም መመሪያቸው ስለሚለዋወጥ፣ ፎቶ ከማተምዎ በፊት ለዚያው ቅጽ በዚያው ሰሞን የወጣውን መመሪያ ያንብቡ።

ለባለ ሱቆች

በሱቅዎ ጉርድ ፎቶ ለመሸጥ ካሰቡ በሪባን የሚያትመው ይሻላል። በቀን አንድም ሰው ይምጣ አምስት፣ ቀለሙ አይደርቅም። በሳምንት ሦስት ደንበኛ ቢመጣና ከእያንዳንዱ 10 ዶላር ቢቀበሉ በዓመት 1,500 ዶላር ገደማ ይሆናል። ከዚህ ላይ ወረቀቱን፣ መብራቱን፣ ነጩን ጀርባ፣ ተበላሽቶ የሚደገመውንና ተመልሶ የሚመጣውን ይቀንሱ። የቤት መሣሪያ ለሱቅ ሥራ ሲውል ዋስትናው ይጸና እንደሆነም ከመግዛትዎ በፊት ያንብቡ።

አንድ ብዙዎች የማያውቁት አደጋ አለ። ተሠርቶበት ያለቀ ሪባን የታተሙትን ፎቶዎች ምስል እንደያዘ ይቀራል፤ ወደ ብርሃን አንሥቶ ያየው ሰው የደንበኞችዎን ፊት አንድ በአንድ ያያል። ደንበኛው ለጥገኝነት ጉዳይ ወይም ለቪዛ የተነሣ ሰው ሊሆን ይችላል። ያለቀውን ሪባን እንዳለ ወደ ቆሻሻ አይጣሉት፤ ቆራርጠው ይጣሉ። በሱቁ ስልክ ያነሡትንም ምስል ሥራው ካለቀ በኋላ ይደምስሱ።

ግብሩን በሚመለከት

መሣሪያው ለቤት ብቻ ከሆነ ወጪው የግል ነው፤ ከንግዱ ገቢ አይቀነስም። በሱቁ የባንክ ሒሳብ ስለከፈሉት የሱቁ ዕቃ አይሆንም። በኮርፖሬሽን ወይም በኤልኤልሲ የሚሠሩ ወገኖች በተለይ የግልንና የድርጅቱን ገንዘብ ማደባለቅ የድርጅቱን የተለየ ሕጋዊ ሰውነት እንደሚያዳክም ይወቁ።

ለሁለቱም የሚያገለግል ከሆነ ለንግዱ የዋለውን ድርሻ ብቻ መቀነስ ይቻላል። ከ100 ወረቀት 60ው ለደንበኛ ከታተመ፣ ከወጪው 60 በመቶው የንግድ ነው። ይህን ለማስረዳት ከማሽኑ አጠገብ ትንሽ ደብተር አስቀምጠው ቀኑንና የታተመውን ብዛት ይመዝግቡ። አይ አር ኤስ ለአነስተኛ ንግዶች በአንድ ዕቃ እስከ 2,500 ዶላር የሚደርሰውን ግዢ በዓመታት ከማከፋፈል ይልቅ በዚያው ዓመት እንዲቀንሱ የሚፈቅድበት ምርጫ አለው፤ የፎቶ ማተሚያ ከዚህ ወሰን በታች ነው። ምርጫው በየዓመቱ ከግብር ቅጹ ጋር በሚያያዝ ጽሑፍ ስለሚገለጽ ለሒሳብ ሠራተኛዎ አስቀድመው ይንገሩት። ለደንበኛ የሚሸጥ የታተመ ፎቶም በብዙ ስቴቶች የሽያጭ ግብር ስለሚከፈልበት የስቴቱን መሥሪያ ቤት ይጠይቁ።

ለባለ ታክሲዎች

የአደጋ ወይም የመንገድ ምልክት ፎቶ ለመከራከሪያ ማቅረብ ሲያስፈልግ፣ ስልክ ለዳኛ ከማቀበል ይልቅ በወረቀት አትሞ መሄድ ይሻላል። ለዚህ ግን ተራው ማተሚያ በሙሉ ገጽ ቢያትመው በቂ ነው፤ ትንሿ የፎቶ ማሽን አትመጥነውም።

ወደ አገር ቤት ለመላክ

ለወላጆች መሣሪያውን ራሱን መላክ የሚፈልጉ አሉ። በመጀመሪያ በኤሌክትሪክ ማስተካከያው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ መኖሩን ይዩ። ቀጥሎ ለዚያው ሞዴል የሚሆነው ወረቀትና ሪባን እዚያ የሚገኝ መሆኑን ያጣሩ። ካልተገኘ የተላከው መሣሪያ ከመጀመሪያው እሽግ በኋላ የመደርደሪያ ጌጥ ይሆናል። ብዙ ጊዜ የታተመውን ፎቶ በፖስታ አድርጎ ለሚሄድ ሰው መስጠት ይረክሳል፤ ለእናትም የሚያስፈልጋት ፎቶው እንጂ ማሽኑ አይደለም።

እንግዲህ ማን ይግዛ?

ፎቶው ወዲያው በእጅ መግባቱ ዋጋ ያለው ቤት ይግዛ። ክርስትና ወይም ሠርግ ላይ የመጣ ሽማግሌ ፎቶውን ይዞ እንዲሄድ የሚፈልግ፣ የልጆቹን ምስል በሌላ ሰው ማሽን ማሳለፍ የማይወድ፣ ወይም ነገ አደርገዋለሁ እያለ የአሥር ዓመት ፎቶ ስልኩ ውስጥ የተቀበረበት ሰው 79 ሳንቲሟን አውቆ ቢከፍል አያስቆጭም። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል፤ የታተመ ፎቶ ግን ለልጅ ልጅ ይቆያል። ሒሳቡን ሠርቶ፣ ልዩነቱን ዐውቆ መግዛት ኪሳራ አይባልም። ኪሳራ የሚሆነው ገንዘብ አተርፋለሁ ብሎ ሲገዙት ነው።

ሊገዙ ሲሄዱ እነዚህን አምስት ጥያቄዎች በወረቀት ጽፈው ይያዙ፦

1. በወር ስንት ፎቶ አትማለሁ? ለምን ጉዳይ?
2. የወረቀቱና የቀለሙ እሽግ ስንት ነው? ለአንዷ ስንት ደረሰኝ?
3. የወረቀቱ ልክ በሚሊሜትር ስንት በስንት ነው?
4. ለሦስት ወር ባላትምበት ቀለሙ ይደርቃል?
5. ስልክ ላይ የሚጫነው ፕሮግራም ቢቋረጥ በሽቦ ወይም በሚሞሪ ካርድ ይሠራል?

አምስቱንም የሚመልስ መሣሪያ ካገኙ ይግዙት። ደረሰኙን ግን አይጣሉ።

ቸር ይግጠመን።